አስቴር ጋኖ፦ ተረትን መጽሐፍ ያደረጉ መምህርት

በዚህ እትም፣ ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ ለንባብ እንደሚዘጋጅ የሚያስገነዝበንን የአስቴር ጋኖን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን።

አስቴር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1872 ገደማ ነው። ነጻ ሆነው ቢወለዱም በልጅነታቸው በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ተደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1886 ሊሸጡ ወደ ዐረብ አገር በባሕር ሲወሰዱ የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧቸው። ከዚያም በምፅዋ አጠገብ፣ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ።

ከአገራቸው ቢነጠቁም ቋንቋቸውን አልተነጠቁም። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ ኦነሲሞስ ነሲብንም በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ረዱ። በቃል ብቻ ይነገሩ የነበሩ 500 ያህል ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አኖሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምት አስተማሩ፤ በ1964ም ዐረፉ።

እንግዲህ ያ የመጀመሪያ የንባብ መጽሐፍ ከቤት ከሚሰማው ተረትና ዜማ ተቀዳ። በጌጫም እናት ሕፃኗን አዝላ የምታንጎራጕረው፣ አያት በምድጃ ዳር በሸካ ቋንቋ የሚተርተው ሁሉ የትምህርት መሠረት ነው። ገና የማይናገር ሕፃን እንኳ ድምፅ ይለያል፣ ፊት ያነባል፣ በጨዋታ ተራ መጠበቅን ይለምዳል።

ስለዚህ ውድ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ሕፃኑን በጭናችን አስቀምጠን ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ እንግለጥለት፤ ያየውን በስሙ እንጥራለት፤ በፈገግታም ሆነ በጣቱ እስኪመልስልን እንታገሠው። መጽሐፍ በሌለበትም ተረቱ አለ።