ኬንጂ ታካጊ፦ የመገጣጠሚያን ውስጥ ለማየት የተደረገ የሕይወት ዘመን ጥረት

የመገጣጠሚያ አጥንቶችን ጫፍ የሚያለብሰው ልም አጥንት የደም ሥርም ሆነ ነርቭ የለውም። በመሆኑም ሲጎዳ በራሱ የመዳን ዐቅሙ አነስተኛ ነው፤ ጉዳቱም በራጅ ምስል ላይ በቀጥታ አይታይም። ይህን ስውር ጉዳት በጠባብ መመልከቻ መሣሪያ፣ በአርትሮስኮፕ፣ ለማየት መንገድ ከጠረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ጃፓናዊው የአጥንት ሐኪም ፕሮፌሰር ኬንጂ ታካጊ (እ.ኤ.አ. 1888–1963) ናቸው።

ታካጊን ወደዚህ ሥራ የመራቸው የጉልበት ቲቢ ነበር። በሽታው ዘግይቶ ሲታወቅ ጉልበቱ ሳይታጠፍ ደርቆ ይቀራል፤ ጉልበትን አጥፎ ወለል ላይ መቀመጥ የዕለት ተዕለት ልማድ በሆነበት ማኅበረሰብ ደግሞ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። በ1918 በቶኪዮ የሽንት ፊኛ መመልከቻ መሣሪያን በአስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብተው ተመለከቱ። በ1920 ያዘጋጁት የመጀመሪያው አርትሮስኮፕ 7.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስለነበረው ለሕክምና አልተመቸም። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1931 ውፍረቱን ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አደረጉት።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሐኪም ማይክል በርማን ቁርጭምጭሚት በውስጡ ባለው ክፍተት ጥበት የተነሣ ለዚህ ምርመራ እንደማይመች ደመደሙ። ታካጊ ግን በ1939 ቁርጭምጭሚትን በዚሁ ዘዴ በሥርዓት የሚመረምሩበትን አካሄድ አቀረቡ። እንቅፋቱ የመገጣጠሚያው ጥበት ብቻ ሳይሆን የመሣሪያው ውፍረትም እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታካጊ በ1942 በቶኪዮ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ሕክምናና እንክብካቤ የሚሰጥ ተቋም ከፈቱ። የተቋሙ አብዛኛው ክፍል ግን በጦርነቱ የአየር ድብደባ ተቃጠለ። የመሣሪያውን ሥራ ተማሪያቸው ማሳኪ ዋታናቤ ቀጠሉበት፤ በ1962ም ከተጎዳ የጉልበት ሜኒስከስ ከፊሉን በአርትሮስኮፕ ቆርጠው አወጡ። ታካጊ በማግስቱ ዓመት ዐረፉ። በ1972 ደግሞ ዋታናቤ በቁርጭምጭሚት ላይ ያከናወኗቸውን ምርመራዎች ውጤት አሳተሙ።

ዛሬ ታለስ በተባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ያለው ልም አጥንት ሲጎዳ፣ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከፊት በሚከፈቱ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይገባል፤ የላላውን ቁራጭ ያወጣል፤ ከሥሩ ያለውንም አጥንት በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳል። በቀዳዳዎቹ የሚወጡት ደምና የመቅኒ ሕዋሳት ጉድጓዱን በአዲስ ህብረ ሕዋስ ይሞሉታል። ይሁን እንጂ ይህ ህብረ ሕዋስ የቀድሞውን ልም አጥንት ያህል ጽናት የለውም። ስለዚህ ታካጊን ለሥራ ያነሣሣቸው ጉዳይ፣ ማለትም ጉዳቱን ሳይባባስ በጊዜ መለየት፣ ዛሬም ከሕክምናው ጋር እኩል ክብደት አለው።