የራስ ኃይሉ ሀብት

አንባቢ ሆይ፥ በከሚሴ ወይም በባቲ ገበያ ብትነግድ፥ ወይም ትምህርትህን ጨርሰህ ደመወዝ ብትቀበል፥ ራስህን ከባለጠጎች ወገን አትቈጥረው ይሆናል። ነገር ግን የጎጃሙን የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ኑሮ ልብ ብለህ ተመልከት፤ የገንዘብ ብዛት በሰው ልብና በአገር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከእርሳቸው ታሪክ ትረዳለህና።

አባታቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በጎጃም ተሾሙ፤ የገዙትም እስከ 1924 ዓ.ም. ነው። ብልህ፥ ለአዲስ ነገርም ዓይናቸው የተከፈተ ሰው እንደ ነበሩ መካድ አይገባም። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮጳን አይተው ተመለሱ፤ በአዲስ አበባም ሲኒማ ቤትና ታክሲ ነበራቸው። እንዲህ ያለው ንግድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ ከወዴት መጣ ብለህ ጠይቅ። ከጎጃም ገበሬ ጎተራ ነው። በግብር ላይ ግብር ተጨመረ፤ ሹመትም በገንዘብ ይገኝ ነበርና፥ ሹመቱን የገዛው ሰው የከፈለውን ከድኃው መልሶ ይሰበስብ ነበር። አየህን፤ የአንድ ጌታ ስስት በቤቱ ብቻ አይቀርም፤ ከጌታው ወደ ሎሌው፥ ከሎሌውም ወደ ጭቃ ሹሙ ይወርዳል። አክዓብ የወሰደው የናቡቴን አንድ የወይን ቦታ ነው፤ በዚህ ግን የስንቱ ገበሬ ማሳ እንደ ተነካ ማን ይቈጥረዋል?

በዚያው በ1924 ዓ.ም. የልጃቸው የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ባል ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስራት ሲያመልጡ፥ ራስ ኃይሉ ረድተዋል ተብለው ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም በዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሠላሳ ዓመት የተከማቸውም ሀብት ተወረሰ።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፥ ብዙዎች ዱር ቤቴ ሲሉ እርሳቸው ለኢጣሊያ አደሩ። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ቢሆንም፥ የጠፋውን ክብርና ንብረት ከመናፈቅ በቀር ሌላ ምክንያት ማግኘት ይቸግረኛል። በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ሕዝቡን ይይዙልናል ብለው ወደ ደብረ ማርቆስ መለሷቸው፤ በዚያ ጊዜ የገዛ ወንድማቸው ልጅ ነጋሽ በዛብህ ከአርበኞች ጋር በጫካ ነበር። ወራትም ሳይቈይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም እጃቸውን ሰጡ። ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ፤ ጎጃምንም ዳግመኛ ሳይገዙ ሞቱ።