ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቴዎድሮስ 2ኛ

የሮም ተወላጅ የሆኑት ቴዎድሮስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ897 በመንበረ ጴጥሮስ የተቀመጡት 20 ቀን ያህል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ እስጢፋኖስ 6ኛ የቀዳሚያቸውን የፎርሞሱስን አስከሬን ከመቃብር አስወጥተው በሲኖዶስ ፊት ከሰሱት፤ የሰጡትን ክህነት ሽረው አስከሬኑን ወደ ቲቤር ወንዝ አስጣሉት። ይህን መጻፍ ያሳዝነናል፤ መሸሸግ ግን አይገባንም። ብዙም ሳይቆይ እስጢፋኖስ ራሳቸው በወህኒ ቤት ታንቀው ሞቱ።

ለምእመናን የቀረው ጭንቀት ከዚህ ሁሉ ይከብድ ነበር፤ ካህኑ ካህን ካልነበረ ያሳረገው ቅዳሴስ? የናዘዛቸውስ ኃጥኣን? ቴዎድሮስ ሲኖዶስ ሰብስበው ሢመቱ የጸና መሆኑን አወጁ፤ የተሻሩትንም ካህናት ወደ አገልግሎታቸው መለሱ። ከወንዙ የተገኘውን አስከሬን በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በክብር አሳረፉ። በ898 ተተኪያቸው ዮሐንስ 9ኛ ውሳኔያቸውን በሲኖዶስ አጸኑ።