ይድነቃቸው ተሰማ፡ በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ የሄዱ

አባቴ በቡሄ ቀን ደጃችን ላይ ፈተና ይሰጥ ነበር። የሰፈራችን ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ ሆያ ሆዬ ብለው ሲጨርሱ ሙልሙሉ ወዲያው አይወጣም። ልብስ ሰፊ ስለነበር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ ይልና መሀላቸው ይቆማል፤ ከዚያ የዛሬው ቀን የትኛው ታላቅ ሰው ያረፉበት እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። ያወቀ ልጅ ከሙልሙሉ በላይ ብር ይጨመርለታል። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አላወቀም። አንዱማ ሲጨንቀው የራሱን አያት ስም ጠራ፤ አባቴ ስቆ ስቆ ሲያበቃ ከፈለው። በተከታዩ ዓመት ግን ልጆቹ ገና በሩ ጋ ሳይደርሱ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ይድነቃቸው ተሰማ እያሉ እየጮኹ መጡ። ቡሄ በእኛ ደጅ እንዲህ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

አቶ ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ልክ በደብረ ታቦር ዕለት ነው። የተወለዱት ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ፣ በእንቁጣጣሽ። አባቴ ይህን ሲያወራ እንደ ትልቅ ምስጢር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ መጡ፣ ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ ሄዱ፤ ሰው ዕድለኛ ሲሆን እንዲህ በዘፈን ገብቶ በዘፈን ይወጣል ይል ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ነገሩ አይገባኝም። ሞተው እያለ ዕድለኛ የሚላቸው ለምንድነው እያልኩ እገረም ነበር።

አባቴ አቶ ይድነቃቸውን በቅርብ አያውቃቸውም። ስታዲየም ገብቶ ከሩቅ ካያቸው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንዱ ነበር፣ በቃ። ቁጥሮቻቸውን ግን እንደ ቤቱ አድራሻ በቃሉ ይዟል። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ፤ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል። ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ደንበኛ ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች ሳይሰማ አይወጣም። ደንበኛው የሌላ ቡድን ደጋፊ ከሆነማ ሱሪው እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ይሰማል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ አራዳ ላይ የተቋቋመው በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ይድነቃቸው ያኔ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ሜዳው ራሱ ተከፍሎ ነበር፤ ነጩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው። ኳስ የለመዱት እዚህ ውስጥ ነው። በኋላ እኚህ ሰው ስለ ደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ለምን እንደዚያ ግትር ሆኑ ለሚል ሰው፣ እኔ መልሱን የምፈልገው እዚያ የልጅነት ሜዳ ላይ ነው።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። አቶ ይድነቃቸው የኢትዮጵያ ወኪል ሆነው ከመሥራቾቹ መካከል ተቀምጠዋል። ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ቡድን እልካለሁ አለች። ተቀላቅሎ ከሆነ እሺ፣ ካልሆነ ቅሪ ተባለች፤ ቀረች። ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍፃሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አባቴ ይቺን ውጤት ሲያወራ ፈጠን ብሎ ያልፋታል።

የማያልፈው የአምስት ዓመት በኋላውን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም። አባቴ ያኔ ትንሽ ልጅ ስለነበር የማያውቀውን ሰውዬ የኮት ጫፍ ይዞ፣ ልጁ መስሎ ነው የገባው። ያው ግብፅ ናት። አሰልጣኛችን ይድነቃቸው። ግብፆች አንድ አገቡ። ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ተነስቶ ሳይቀመጥ ግብፆች ሁለተኛውን ደገሙ። መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረጋት። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በልጅነታቸው ጣሊያን በዘር የከፈለው ሜዳ ላይ ያደጉት ሰው፣ የጣሊያን ስም የያዘ ልጅ የአገራቸውን ዋንጫ ሲያነሳ ቆመው አጨበጨቡ። አባቴ ያን ቀን የሰውዬውን ኮት እንደያዘ ሲዘል ኪሱን ቀደደበት። ልብስ ሰፊ የሆንኩት ያኔ ነው እያለ ይቀልድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የስብሰባ ታሪክ ነው። ስብሰባ ደግሞ እንደ ጎል አያስጮህም፤ ለአፍሪካ ግን ከጎሉ የበለጠ ያተረፈው እሱ ይመስለኛል። ለ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላ አንድ ቦታ ነበር የሰጠው። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ከፊት ሆነው አፍሪካ በሙሉ ከማጣሪያው ወጣች። ቡድኖቹ ቤታቸው ቀሩ። በሚቀጥለው ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሆነ። ዛሬ የአፍሪካ ቡድኖች በዓለም ዋንጫ ሲሰለፉ እያየን ቡና የምንጠጣ ሰዎች ሒሳቡ በማን እንደተከፈለ አናስበውም። በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ሞቱበት ቀን 15 ዓመት መሩት። ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ እስክትባረር ድረስ አንድ ቀን አልለቀቋትም።

ይህን ሁሉ ያደረጉት በምን ነበር? ገንዘብ የላቸውም፤ አገራቸው ድሃ ናት፤ ያውም መሀል ላይ ንጉሥ ወርዶ ደርግ መጥቶባታል። የነበራቸው አፍ ነው። አማርኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ ይናገራሉ። ተጫዋች ሰው ናቸው፤ በኳሱም፣ በወሬውም። ተከራክረው፣ አስቀው፣ ሲያስፈልግ ተቆጥተው አዳራሹን ይይዙታል። አባቴ የሚወዳቸው በዚህ ይመስለኛል። እሱም እንደዚያው ነበርና። ከእሱ ጋር ዳቦ ልትገዛ የወጣህ ሰው፣ በየደጁ ሰላምታ ሲሰጥና ሲቀበል ዳቦው አልቆ ትደርሳለህ።

ታዲያ ይህ አፍ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ እኛ ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ሳገላብጥ ሰምና ወርቅ የሚል መጽሐፍ አገኘሁ። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ግጥሞች ናቸው። አዘጋጁ ይድነቃቸው ተሰማ ይላል። መጀመሪያ ሞክሼ መሰለኝ። ካፍን የሚመራ ሰው፣ ያውም የ318 ጎል ባለቤት፣ ከዘፈን ግጥም ጋር ምን አገናኘው? ገልጬ ሳነብ አባታቸው ናቸው።

ተሰማ እሸቴ የምንጃር ልጅ ናቸው። በምኒልክ ዘመን መጨረሻ ላይ ሁለት መኪናዎች፣ አንዱ የእንግሊዝ፣ አንዱ የጀርመን፣ አዲስ አበባ ሲደርሱ የሚነዳና የሚጠግን ኢትዮጵያዊ አስፈለገ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ተሰማን ጀርመን ሰደዷቸው። መኪናውን ተምረው መጡ። እዚያ እያሉ ግን ሌላም ነገር አደረጉ፤ ማሲንቆና ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀረጹ። ከደርዘን በላይ ሸክላ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ይህ ነው፤ በአገራችን ሬዲዮ ከመኖሩ ከሃያ ዓመት በላይ በፊት። ከተመለሱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን ትልቅ ሰው ሆኑ። ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ሲወርዱ የእሳቸውም ቀን አብሮ ዘነበለ። ኖረው ኖረው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አረፉ። ልጃቸው ያኔ ዋንጫ ያመጡ አሰልጣኝ ነበሩ።

አዝማሪ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደነበር ለእናንተ አልነግርም። አሁንም ቢሆን ልጁ ዘፋኝ ልሁን ሲለው ፊቱ የሚጠቁር አባት እኔ ሰፈር አለ። ዓለም አቀፍ ስብሰባ በሊቀ መንበርነት የሚመሩ፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል የሆኑ ሰው የአባታቸውን ማሲንቆ ዝም ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። አላለፉትም። ግጥሙን ለቅመው፣ ሰሙን ከወርቁ እየለዩ መጽሐፍ አደረጉት። መጽሐፉ የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት አልፎ። የልጅነት ጎሎቻቸውን ሁሉ ያዩት ሰው ይህቺን አላዩዋትም።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የተሰማ እሸቴ ሸክላዎች ፈረንሳይ አገር በሲዲ እንደገና ወጡ። አግኝቼ ለአባቴ ይዤለት ሄድኩ። የስፌት መኪናውን አቁሞ አዳመጠ። ሸክላው ይንሻጠጣል፣ ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፤ ግን ሰውዬው አለ፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። ማን ነው አለኝ። የይድነቃቸው አባት ናቸው አልኩት። ዝም አለ። አባቴን ዝም ብሎ ያየሁበትን ቀን ብትጠይቁኝ ይህን አንድ ቀን ነው የምነግራችሁ። ቆይቶ፣ ልጆቹን ያን ሁሉ ዓመት ግማሹን ብቻ ነው ያስጠናኋቸው አለ። ከዚያ መቶ ዓመት ያለፈውን ድምፅ እንደገና እንዳጫውትለት ጠየቀኝ፤ አጫወትኩለት።

ያን ቀን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስለ ሸክላው ሲያወራ፣ የራሱን አባት ሲያነሳ፣ ስለተቀደደው ኪስ ለሺህኛ ጊዜ ሲያጫውተኝ አንድ ቁልፍ መጫን ነበር የሚበቃኝ። አልተጫንኩም። ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሰው ዝም ይላል ብሎ ማን ያስባል! አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ፎቶው ሞልቷል፣ የሰፋው ልብስ ሞልቷል፤ ድምፁ ግን የለንም። ትልቋ ልጄ የአያቷን አነጋገር እየኮረጀች ታስቀናለች። ትንሹ አያስታውሰውም፤ እህቱ ስትኮርጅ አፏን እያየ እንዲህ ነበር እንዴ ብሎ ይጠይቀኛል። እንዲህ ነበር እለዋለሁ። ትንሽ ወፈር ያለ ነው እንጂ።

ባለፈው ቡሄ ልጆቹ መጡ። ዘፈኑ አለቀ፣ ሙልሙሉን አወጣሁ፣ ብሩንም ሰጠሁ። አልሄዱም። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩኛል። አንዱ፣ ከሁሉም የሚያንሰው፣ ጥያቄው የለም ወይ አለኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ ይህ ልጅ ጡት የሚጠባ ነበር፤ ከታላላቆቹ ሰምቶ መሆን አለበት። እሺ አልኩና የዛሬው ቀን ማን ያረፉበት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም በአንድ አፍ መለሱ። እንግዲያው አባታቸውስ ማን ናቸው አልኩ።

ተያዩ። ተሰማ ነው አለ አንዱ፣ ከስሙ ላይ አንብቦ። እሱማ ተሰማ ነው፣ ግን ተሰማ ማን ናቸው? ይሄኔ ዝም አሉ። እንዲገቡ ነገርኳቸው። ዱላቸውን በር ላይ ጥለው ሳሎን ወለሉ ላይ ተደረደሩ፣ ትንሹ ልጄም መሀላቸው ገባ፤ እኔ ሲዲውን ፍለጋ መሳቢያውን ከፈትኩ።