ማስተርስ ሳይኖራት የማስተርስ ኮሌጅ በስሟ የተሰየመላት ሴት

በመካከላችን በሶሻል ወርክ ማስተርስ ለመቀጠል የሚያስቡ አይጠፉም። አመልካቹ ከወልቂጤም ይነሳ ከቡታጅራ መንገዱ ያው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ማስረጃ ይያዛል፣ የመግቢያ ፈተና ይወሰዳል፣ ይህን ሙያ ለምን እንደመረጠም ይጠየቃል። ብዙው ሰው የሚፈራው ፈተናውን ነው፤ የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን በአንድ ማታ ጽፎ ይገላገላታል። ለዚህችው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ስምንት ዓመት የፈጀችን ሴት ላስተዋውቃችሁ። ጄን አዳምስ ትባላለች። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጄን በ1860 በአሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ሴዳርቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናቷ የሞቱት ገና በሁለት ዓመቷ ሲሆን በልጅነቷ በያዛት በሽታም አከርካሪዋ ጎበጠ። አባቷ የወፍጮ ባለቤትና የግዛቱ ሴናተር ነበሩ። በ1881 ሮክፎርድ ከሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት በከፍተኛ ውጤት ጨረሰች። በዚያው ዓመት አባቷ በድንገት አረፉ። ሐኪም ልሁን ብላ ፊላዴልፊያ የሕክምና ትምህርት ብትጀምርም ጤናዋ አልፈቀደላትምና አቋረጠች።

ከዚያስ? ከዚያማ ቁጭ አለች። ተምሮ ቁጭ ማለት ምን እንደሚመስል በከተሞቻችን ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ እሷ ውርስ ስለነበራት እንጀራ አልቸገራትም፤ አውሮፓን ሁለት ጊዜ ዞራለች። የቸገራት የተማረችው ትምህርት ለማን እንደሚጠቅም አለማወቋ ነበር። በ1888 ለንደን ውስጥ ቶይንቢ ሆል የሚባል ቤት ጎበኘች። እዚያ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች በድሆች ሰፈር እየኖሩ ያስተምሩና ያገለግሉ ነበር።

በ1889 ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር ቺካጎ ውስጥ፣ ሃልስተድ ጎዳና ላይ አንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ተከራይተው ገቡ። ሐል ሐውስ የተባለው ይህ ነው። ጎረቤቶቻቸው ከጣሊያን፣ ከጀርመን፣ ከግሪክ፣ ከሩሲያና ከሌላም አገር የመጡ ስደተኛ ሠራተኞች ነበሩ። ከጉራጌ ወጥቶ መርካቶ የገባ ዘመድ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ሰፈር ለመገመት አይቸገርም።

ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ያዘጋጁት የልብ ወለድ ንባብና የሥዕል ትርኢት ነበር። ጎረቤቱ ግን ሌላም ጣጣ ነበረው። እናት ፋብሪካ ስትውል ልጅ የሚይዝላት ትፈልጋለች። ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናት ተከፈተ፤ ቀጥሎም የማታ ትምህርት፣ የሠራተኞች መሰብሰቢያ፣ መታጠቢያ ቤት እያለ ቀጠለ። ሰፈሩ በቆሻሻ ሲጥለቀለቅ ደግሞ አዳምስ በ1895 የአካባቢው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች። ማልዳ እየተነሳች ከቆሻሻ ጋሪዎቹ ኋላ ትከተል ነበር።

በዚያው ዓመት የቤቱ ነዋሪዎች በፍሎረንስ ኬሊ መሪነት የተሰበሰበውን መረጃ በመጽሐፍ አወጡ። ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ከየት እንደመጣና በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ ጠይቀው በካርታ ላይ በቀለም አሳዩት። የቡታጅራ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች ከ1986 ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚወለደውንና የሚሞተውን መዝግበዋል። ሰው ሳይቆጠር ችግሩ አይታይም። በ1893 በኢሊኖይ የወጣው የፋብሪካ ሕግና በ1899 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው የመጀመሪያው የሕፃናት ፍርድ ቤት የሐል ሐውስ ሰዎች የታገሉላቸው ናቸው።

ማስተርሱስ? የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐል ሐውስን በሥሩ ሊያደርግ ፈልጎ አዳምስ እሺ አላለችም። ሆኖም ከዚያው ቤት ከኖሩት መካከል ኤዲት አቦትና ሶፎኒስባ ብሬክንሪጅ የሶሻል ወርክ ማሠልጠኛውን በ1920 ወደ ዩኒቨርሲቲው አስገብተው የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት አደረጉት። አዳምስ ራሷ በዚህ ሙያ ዲግሪ አልያዘችም። ዬል ዩኒቨርሲቲ በ1910 የክብር ዲግሪ ሰጥቷታል።

ሕይወቷ ሁሉ ጭብጨባ ነበር ማለት ግን አይደለም። አንደኛውን የዓለም ጦርነት በመቃወሟ ትናንት ያሞገሷት ጋዜጦች ዛሬ ሰደቧት። ጋዜጠኝነት ለምንማር ለኛ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከሌላ አሜሪካዊ ጋር ተጋራች፤ ስለታመመች ግን ሄዳ አልተቀበለችም። በሜይ 1935 ቺካጎ ውስጥ በካንሰር አረፈች።

በ1960ዎቹ ከሐል ሐውስ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ፈርሰው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የቺካጎ ግቢ ተሠራበት፤ የመጀመሪያው ቤት ሙዚየም ሆኖ ቀረ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ኮሌጅ በጄን አዳምስ ስም ተሰየመ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1959 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ከ1974ቱ (በኛ የ66ቱ) አብዮት በኋላ ተዘግቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዲግሪው ጠፍቶ ነበር። በ2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የሶሻል ወርክ ማስተርስ ሲጀምር ከጎኑ ከቆሙት አንዱ ይኸው በአዳምስ ስም የሚጠራው ኮሌጅ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ የተወለደው ከጎረቤት ቤት ነው። ዛሬም ቢሆን ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በመሥሪያ ቤትና በማኅበረሰብ ውስጥ የመስክ ልምምድ ሳይሠራ አይመረቅም። ስለዚህ የምታመለክቱ ጓደኞቼ፣ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ሳምንት በሰፈራችሁ ዙሩ። የዕድሩን ዳኛ ጠይቁ፤ መናኸሪያ የሚያድሩትን ልጆች ቁጠሩ፤ ልጅ አዝላ ጉልት የምትቸረችረዋን እናት ልጁ ሲታመም ማን እንደሚይዝላት ጠይቋት። ለምን መረጥከው፣ ለምን መረጥሽው ለሚለው ጥያቄ የሚጻፍ ነገር ያኔ አይጠፋም።