የበረዶው መስፍን፦ ከአልፕስ ተራሮች እስከ ዋቢ ሸበሌ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ላይ የአንድ ጣሊያናዊ ልዑል ታሪክ መውጣቱ አንዳንድ ወገኖቻችንን ሊያስገርም እንደሚችል እናውቃለን። ከጣሊያን ጋር ያለን ሂሳብ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እኛ በኡጋንዳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በሚያመጡት ካርታ ላይ የሩዌንዞሪን ተራሮች ስም እናነባለን፤ በዚያ ያለው በረዶም እየቀለጠ መሆኑን እንሰማለን። በመሆኑም ከከፍተኛው ጫፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው ሰው ማን እንደነበረ ማወቁ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ሰውየው በኋላ ወደ አገራችንም መጥቷል፤ የተቀበረውም ከእኛ ደጋ በሚወርድ ወንዝ ዳር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሉዊጂ አሜዴዮ የተወለደው ጥር 29 ቀን 1873 በማድሪድ ከተማ ነው። ጣሊያናዊ ልዑል በስፔን ዋና ከተማ የተወለደበት ምክንያት፣ አባቱ አሜዴዮ በዚያን ጊዜ የስፔን ንጉሥ ስለነበረ ነው። ሕፃኑ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አባቱ ዙፋኑን ለቆ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጣሊያን ተመለሰ። እናቱም ሦስት ዓመት ሲሆነው ሞተች። ልጁ ገና በጨቅላነቱ ለባሕር ኃይል ተሰጠና ከመርከበኞች ጋር አደገ። በ1890 ደግሞ የአብሩዚ መስፍን የሚለው ማዕረግ ተሰጠው። ዓለም የሚያውቀውም በዚሁ ስም ነው።

የባሕር ሰው እንዴት የተራራ ሰው ሆነ ቢባል፣ የሳቮያ ቤተ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ቶሪኖ ከአልፕስ ተራሮች ሥር ያለች ከተማ መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። በ1894 ማተርሆርን የተባለውን ሹል ተራራ፣ ዝሙት በሚባለው አስቸጋሪ ሸንተረር በኩል ወጣ። አብረውት ከነበሩት አንዱ እንግሊዛዊው መመሪ ሲሆን፣ በዘመኑ ተራራ በመውጣት ከታወቁት ሰዎች አንዱ ነበር። መመሪ በማግሥቱ ዓመት በሂማላያ ናንጋ ፓርባት ተራራ ላይ ጠፍቶ ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ በረዶ ጥቂት ካልተናገርን ቀጥሎ ያለው ታሪክ አይገባም። እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ የሚበነውንም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውንም በረዶ እንላለን። አባቶቻችን ግን አመዳይ፣ ውርጭ፣ ቁር እያሉ ይለዩ ነበር። ለተራራ ወጪ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በክረምት በአልፕስ ላይ አዲስ የወረደ አመዳይ ለስላሳ ነው፤ እስከ ወገብ ያሰጥማል፣ በቁልቁለት ላይ ከተከመረም ድንገት ተንዶ ከነሰዉ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሳይሰጥሙ ለመንሸራተት የሚረዳው ስኪ የተባለው ጠፍጣፋ እንጨት፣ መስፍኑ ወጣት በነበረበት ጊዜ ከኖርዌይ ወደ አልፕስ ገና መግባቱ ነበር። በየገደሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ደግሞ ክረምት ሲገባ እንደ መስተዋት ይደርቃል። በዚህ ላይ ሰው የሚቆመው በብረት ጥርስ ወይም በምስማር ጫማና በእጁ በያዘው መጥረቢያ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን መሪው ከፊት ሆኖ ለእያንዳንዷ እርምጃ መርገጫ ይፈለፍል ነበር።

ጥሩው ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ ሲያጠነክረው ነው። ያን ጊዜ አመዳዩ እንደ ድንጋይ ይረገጣል፤ በስንጥቆች ላይ የተጋደመው የበረዶ ድልድይም ሰው ይችላል። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ግን ያው ድልድይ ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ መሪዎቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፋኖስ አብርተው ይነሡና ረፋዱ ሳይገፋ ለመመለስ ይሞክራሉ። መስፍኑ ይህን ሁሉ የተማረው ከቤተ መንግሥት መምህራን ሳይሆን ኩርማዬርን ከመሰሉ መንደሮች ከመጡ የገበሬ ልጆች ነው። ከእነርሱ መካከል ጆሴፍ ፔቲጋ የተባለው ከአላስካ እስከ ሂማላያ አጠገብ ድረስ አብሮት ዞሯል።

በ1897 ወደ አላስካ ተሻግሮ ሴንት ኤልያስ የተባለውን 5,489 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ለመውጣት ተነሣ። ከራስ ዳሽን በ900 ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ዋናው ችግር ግን ከፍታው አልነበረም። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ እስከ ተራራው ሥር ያለው መንገድ በሙሉ የበረዶ ግግር ስለሆነ፣ ከአንድ ወር በላይ ዕቃ በበረዶ ላይ መጎተት ግድ ነበር። ከዕቃው መካከል የብረት አልጋም እንደነበረበት ስንሰማ ፈገግ ብለናል። ሐምሌ 31 ቀን አሥሩም ተጓዦች ጫፍ ደረሱ። ከፊት ሆነው መንገድ የከፈቱት መሪዎች ጫፉ ሲቀርብ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው መስፍኑን አስቀደሙት። የዘመኑ ወግ ነውና አንፈርድም፤ ግን ይህን ያህል ርቀት መርገጫ ሲፈለፍል የመጣው ሰው በመጨረሻዋ እርምጃ ገለል ማለቱ ልብ ይነካል።

ቀጥሎ ዓይኑን የጣለው በሰሜን ዋልታ ላይ ነበር። በ1899 ስቴላ ፖላሬ በተባለች መርከብ ወደ ፍራንዝ ጆሴፍ ደሴቶች ሄዶ እዚያው ከረመ። በዚያ ጨለማ ክረምት የመስፍኑን ጣቶች ውርጭ መታቸውና የሁለቱ ጫፍ ተቆረጠ። ራሱ መሄድ ስላልቻለ ጉዞውን የመራው የቅርብ ባልደረባው ካፒቴን ኡምቤርቶ ካኚ ነው። ካኚ ሚያዝያ 25 ቀን 1900 ሰሜን 86 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ደረሰ፤ እስከዚያን ጊዜ በዚህ ርቀት የተጓዘ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ለመመለስ ያን ያህል ቀላል አልሆነም። ከእግራቸው በታች ያለው በረዶ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ስለነበረ፣ እነርሱ ወደ ደቡብ ሲራመዱ እርሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዳቸው ነበር። ስንቃቸው አልቆ የሚጎትቷቸውን ውሾች እየበሉ፣ ከተነሡ በ104ኛው ቀን ተመለሱ። ቀደም ብለው እንዲመለሱ የተላኩት ሦስት ሰዎች፣ ማለትም የባሕር ኃይል መኮንኑ ኩዌሪኒ፣ የተራራ መሪው ፌሊቼ ኦሊየርና ኖርዌጂያዊው መካኒክ፣ እንደወጡ ቀሩ።

አሁን ወደ ራሳችን ሠፈር እንምጣ። ሩዌንዞሪን ከሩቅ አይቶ ለዓለም ያስታወቀው ስታንሊ ሲሆን ይህም በ1888 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ሞክረው ዝናቡና ጉሙ መልሷቸዋል። በ1905 ዳግላስ ፍሬሽፊልድ የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ እንኳ ረግረጉ ውስጥ ተዘፍቆ ሳይሳካለት ተመልሷል። መስፍኑ በ1906 ከሞምባሳ በባቡር ኪሱሙ፣ ከኪሱሙ በጀልባ ኢንቴቤ ደረሰ። ከኢንቴቤ እስከ ፎርት ፖርታል ሁለት ሳምንት ያህል በእግር ተጓዘ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች ነበሩት። እኛ ነጋዴዎች ስለሆንን ዓይናችን ያረፈው በዕቃ አያያዙ ላይ ነው። ስንቁ የየቀኑ ተለይቶ፣ እርጥበት እንዳያገኘው ታሽጎ ነበር የሚጓዘው። ወቅቱንም አስቦ መርጦታል፤ የሰኔን ደረቅ ሳምንታት ለማግኘት ነው የመጣው።

የሩዌንዞሪ በረዶ ከአልፕስ በረዶ የተለየ ነው። በምድር ወገብ ላይ በጋና ክረምት አይፈራረቁም፤ ሌሊቱ ሁሉ ክረምት፣ ቀኑ ሁሉ በጋ ነው። እርጥብ ጉም ቀን ከሌት ከበረዶው ላይ አይጠፋም። በሸንተረሩ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚሠራው፣ እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ገደሉ የወጣ የበረዶ ጠርዝ አለ። ከክፈፉ ሥር እንደ ምሰሶ የተደረደረ የተንጠለጠለ በረዶ ይታያል። ይህን አልፕስ ላይ ያረጁት መሪዎች እንኳ አይተውት አያውቁም ነበር። ሰኔ 18 ቀን ወደ መጨረሻው ጫፍ ሲቃረቡ መንገዱን የዘጋባቸው እንዲህ ያለው ክፈፍ ነው። አንዱ መሪ ተደግፎ ቆመ፤ ሌላው በምስማር ጫማው ትከሻው ላይ ወጥቶ በክፈፉ ስንጥቅ በኩል ወደ ላይ ተሳበ፤ የቀሩትም በገመድ ተከተሉት። ከእነዚህ መሪዎች ሁለቱ፣ ሴዛር ኦሊየርና ጆሴፍ ብሮሽሬል፣ በ1899 ከማኪንደር ጋር የኬንያን ተራራ ከፍተኛ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት ናቸው። የናይሮቢ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁት ደስ ይላቸዋል።

5,109 ሜትር ከፍታ ያለውን ጫፍ በጣሊያን ንግሥት ስም ማርገሪታ፣ ጎረቤቱን በእንግሊዝ ንግሥት ስም አሌክሳንድራ አለው። ተራሮቹን ስታንሊ፣ ስፒክ፣ ቤከር፣ ኤሚን፣ ጌሲ እያለ በአሳሾች ስም ጠራቸው። ስድስተኛውም የሌላ አሳሽ ስም ሰጥቶት ነበር፤ ለንደን ያሉት የጂኦግራፊ ሊቃውንት ግን የእርሱ የራሱ ስም እንዲሆን አደረጉና ሉዊጂ ዲ ሳቮያ ተባለ። ዕቃውን በባዶ እግራቸው በጭቃና በዝናብ እስከ ቡጆንጎሎ ዋሻ ድረስ የተሸከሙት ባኮንጆዎች ግን ለተራራው ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው ስም ነበራቸው። ሩዌንዙሩሩ ይሉታል፤ የአመዳይ አገር ማለት ነው። በካርታው ላይ ከሰፈሩት የንግሥቶችና የአሳሾች ስሞች መካከል ግን የአንድ ባኮንጆ ስም አይገኝም።

በ1909 ከዓለም ሁለተኛ ወደ ሆነው ወደ ኬ ቱ ሄደ። ኬ ቱን ከ6,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ትቶታል፤ የሞከረበት ሸንተረር ግን እስከ ዛሬ የአብሩዚ ሸንተረር ይባላል። በ1954 ጣሊያኖች ጫፍ የደረሱትም በዚያው በኩል ነው። በእኛ አስተያየት ትልቁ ሥራው በዚያው ጉዞ ቾጎሊሳ በተባለው ተራራ ላይ የሠራው ነው። 7,500 ሜትር ያህል ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ ሰው ከዚህ በላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ለጫፉ 150 ሜትር ያህል ሲቀረው ጉም ወረደ። ከፊቱ ያለው መሬት ይሁን በገደል ላይ የተንጠለጠለ ክፈፍ ይሁን የሚለይ አልነበረም። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ ጉሙ አልገለጥ ሲል ሰዎቹን ይዞ ወረደ። በ1957 ሄርማን ቡል የተባለው ታላቅ ኦስትሪያዊ በዚሁ ተራራ ላይ፣ መንገድ በማይታይበት አየር፣ ክፈፉ ተቆርሶበት ሞቷል።

ስለ ግል ሕይወቱ ብዙ ማለት አንፈልግም። ካትሪን ኤልኪንስ የምትባል የአሜሪካ ሴናተር ልጅ ወድዶ ነበር። ቤተ መንግሥቱ አልፈቀደለትም። እርሷ ሌላ አገባች፤ እርሱ ሳያገባ ኖረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጣሊያን መርከቦች አዛዥ ሆኖ፣ የተሸነፈውን የሰርቢያ ጦር ከአልባኒያ ጠረፍ በማውጣቱ ሥራ ተካፍሏል። በ1917 ግን ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ወደ በረዶ አልተመለሰም። በ1920 በዋቢ ሸበሌ ዳር፣ ዛሬ ጆሃር በሚባለው ሥፍራ፣ ከሺድሌ ጎሳ ጋር ተዋውሎ ሰፊ የእርሻ ኩባንያ አቋቋመ። ወንዙን ገድቦ ቦይ አስቆፍሮ ሸንኮራ፣ ጥጥና ሙዝ አስተከለ። አድናቂዎቹ ይህን እንደ ጽድቅ ያወሩለታል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ለእርሻው ሰው በግዳጅ ይሰበስብ እንደነበረ መዝግበዋል። ሁለቱንም መናገር ይገባናል።

ወደ እኛ የመጣው በ1927 ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1924 ሮማን ጎብኝተው ስለነበረ፣ መስፍኑ ለዚያ ምላሽ አዲስ አበባ ተልኮ በክብር ተቀበሉት። በ1928 የወዳጅነት ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በመንግሥት ፈቃድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዋቢ ሸበሌን ከምንጩ ጀምሮ ሊያጠና ጉዞ ጀመረ። ዕድሜው 55 ነበር። ከአርሲና ከባሌ ደጋ ወንዙን ተከትሎ ወደ ቆላው ወረደ፤ በ1929 መጀመሪያም ሶማሊያ ደረሰ። የወንዙን አካሄድ በካርታ አስቀመጠ፤ ስለ ጉዞውም መጽሐፍ አሳተመ። እርሻው የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈልጎ ይሆናል፤ አሳሽነቱም አልተወው ይሆናል። እኛ ግን በ1935 የግራዚያኒ ጦር በዚሁ በዋቢ ሸበሌ በኩል ከሶማሊያ እንደተነሣብን ስለምናውቅ፣ ያንን ካርታ በቀላል ዓይን ማየት ያቅተናል። መስፍኑ ያን ጦርነት አላየም።

ካንሰር እንደያዘው ባወቀ ጊዜ ጣሊያን ሆኖ መሞትን አልመረጠም። ወደ እርሻው ተመልሶ መጋቢት 18 ቀን 1933 በ60 ዓመቱ ዐረፈና በዚያው መንደር ተቀበረ። ግማሽ ዕድሜውን በረዶ ሲረግጥ የኖረ ሰው፣ ውርጭ ታይቶ በማይታወቅበት ሐሩር መሬት ላይ ነው ያረፈው።

እርሱ በ1906 ሲወጣ ከስድስቱም የሩዌንዞሪ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ ስፋቱም በድምሩ 6.5 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይገመታል። በ2003 ሲለካ ከአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ወርዶ፣ በስታንሊ፣ በስፒክና በቤከር ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ መመናመኑ አልቆመም። በ2003 ከኤሚንና ከጌሲ ጋር በረዶው ፈጽሞ አልቆባቸው ከነበሩት ሦስት ተራሮች አንዱ ሉዊጂ ዲ ሳቮያ ነበር።