እጃቸው ይንቀጠቀጥ የነበረው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ

በጌዴኦ የእሸት ቡና ሽያጭ ሲደርስ ዲላ፣ ወናጎና ይርጋ ጨፌ ገንዘብ ይገባቸዋል። ገንዘቡ ልጅ ያስተምራል፤ ቤት ያሠራል። ከፊሉ ግን ጫት ቤትና አረቄ ቤት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ወደ ሕክምና የሚመጣው ሰው በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ጨጓራው፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ነው። መጠጡን የሚያነሣው ከስንት ጥያቄ በኋላ ነው፤ ያፍራላ። ዛሬ ታሪካቸውን የምንነግርዎ ሐኪምም እንዲሁ ሲያፍሩና ሲደብቁ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። በኋላ ግን በሺዎች ለሚቆጠሩ በአልኮል ሱስ ለተያዙ ሰዎች መዳን ምክንያት ሆነዋል።

ዶክተር ሮበርት ሆልብሩክ ስሚዝ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ነው። ዓለም በይበልጥ የሚያውቃቸው ዶክተር ቦብ በሚለው ስም ነው። መጠጥ የለመዱት ኮሌጅ ሳሉ ሲሆን፣ ሕክምና ማጥናት ሲጀምሩ ልማዱ አብሯቸው ገባ። በሚቺጋን የጀመሩትን ትምህርት አቋርጠው ወደ ቺካጎው ረሽ የሕክምና ኮሌጅ ተዛወሩ። እዚያም ለመጨረሻው ፈተና ሲቀመጡ እጃቸው እርሳስ መያዝ ስላልቻለ ባዶ ወረቀት አስረክበው ወጡ። ኮሌጁ መጠጥ ሳይቀምሱ ተጨማሪ ጊዜ እንዲማሩ አዘዛቸው፤ ትእዛዙን ፈጽመው እ.ኤ.አ. በ1910 ተመረቁ።

በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ በሚገኘው ሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም ሆነው በሠሩባቸው ሁለት ዓመታት ሥራው ፋታ ስላልሰጣቸው አልጠጡም። የራሳቸውን ክሊኒክ ከፍተው ገንዘብና ጊዜ ሲያገኙ ግን ተመልሰው ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1915 አን ሪፕሊን አገቡ። በኋላም በአንጀትና በፊንጢጣ ቀዶ ሕክምና ተካኑ። እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ የአልኮል ሽያጭ በሕግ ሲታገድ ከመጠጥ የሚገላገሉ መስሏቸው ነበር፤ ሆኖም ሕጉ ለሐኪሞች አልኮልን ለመድኃኒትነት ይፈቅድ ስለነበር አልተገላገሉም።

ለ17 ዓመታት ያህል ኑሯቸው ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት የእጃቸውን መንቀጥቀጥ በማስታገሻ መድኃኒት ያበርዳሉ፤ ቀን ይሠራሉ፤ ማታ ይጠጣሉ። ጠርሙስ በከሰል ማጠራቀሚያ፣ በምድር ቤት ወራጅ እንጨት ላይ፣ በበር መቃን ላይ ይደብቃሉ። ለባለቤታቸው ደጋግመው ቃል ይገቡና ያፈርሳሉ። ደጋግመው ሆስፒታል ተኝተው ታክመዋል፤ ግን ሲወጡ መልሰው ይጠጡ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዶክተሩ መጠጥ ምን እንደሚያደርግ አሳምረው ያውቃሉ፤ ፈቃደኝነትም አልጎደላቸውም። ለረጅም ጊዜ በብዛት አልኮል የተወሰደበት አንጎል ግን ሥራውን ከአልኮሉ ጋር አስማምቶ ያስተካክላል። አልኮሉ ሲቀር የነርቭ ሥርዓቱ ከልክ በላይ ይነቃቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ልብ ይመታል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውየው ጠዋት የሚጠጣው አንዱን ብርጭቆ ለደስታ መስሎ ቢታይዎ፣ ብዙ ጊዜ ይህን ሥቃይ ለማስታገስ ነው።

ስድስት ሰዓት የፈጀው ጨዋታ

እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1935 አንዲት የቤተሰቡ ወዳጅ ዶክተሩን ከአንድ እንግዳ ጋር አገናኟቸው። እንግዳው የኒውዮርኩ የአክሲዮን ነጋዴ ቢል ዊልሰን ነበሩ። ቢል መጠጥ ካቆሙ አምስት ወር ያህል ሆኗቸዋል። ወደ አክሮን የመጡበት ሥራ ከሽፎባቸው መልሰው እንዳይጠጡ ስለፈሩ፣ ችግራቸውን የሚያውቅ ሌላ ጠጪ ፈልገው ነው የመጡት። ዶክተሩ ከ15 ደቂቃ በላይ ላለመቆየት አስበው ነበር የሄዱት። ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ስለ አልኮል ጉዳት ብዙ ሰው ነግሯቸዋል፤ የራሱን ውድቀት ሳይደብቅ ያጫወታቸው ሰው ግን ከዚያ በፊት አልገጠማቸውም።

ወዲያው አልዳኑም። በሰኔ ወር ለሐኪሞች ጉባኤ ሲሄዱ ዳግመኛ ሰከሩ። ሲመለሱ ቢልና አን ተረባርበው አስታመሟቸው። ቀዶ ሕክምና በሚሠሩበት ዕለት እጃቸው እንዲረጋ ቢል አንድ ቢራ ሰጧቸው። ያ የመጨረሻ መጠጣቸው ሆነ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1935 ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የስም የለሽ አልኮል ሱሰኞች ማኅበር የልደት ቀንም ሆኖ ይከበራል። ከዚያ በኋላ እንኳ የመጠጥ አምሮቱ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል አልለቀቃቸውም ነበር፤ ሆኖም አልጠጡም።

ቤታቸው ለተቸገሩ ጠጪዎች ተከፈተ፤ አንም ቡና እያፈሉ ይቀበሏቸው ነበር። በዚያ ዘመን ሆስፒታሎች ሰካራም አስተኝቶ ማከም አይወዱም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1939 በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የምትሠራ ሲስተር ኢግናሺያ የተባለች መነኩሲት ከዶክተሩ ጋር ተመካክራ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አስተኛች፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው በሽታ የጨጓራ ሕመም ነበር። ሁለቱ አብረው ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎችን ረድተዋል። ዶክተሩ ለዚህ ሥራ ክፍያ አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1950 በካንሰር ሲያርፉ መጠጥ ካቆሙ 15 ዓመት አልፏቸው ነበር። ማኅበሩ ዛሬ ወደ 180 በሚሆኑ አገሮች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮክሬን ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችን መርምረው፣ በማኅበሩ መንገድ የሚሰጠው እገዛ ከመጠጥ ርቆ በመቆየት ረገድ ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይተዋል።

ከታሪኩ ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ በየቀኑ በብዛት የሚጠጡ ከሆነ ቤትዎ ተቀምጠው በአንድ ጊዜ አያቋርጡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ራስን አለማወቅ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ቢል ለዶክተሩ ቢራ የሰጡት የዛሬው ዓይነት ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ የሕክምና ተቋም ውስጥ በክትትል የሚሰጥ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 አለ።

ሁለተኛ፣ አንዱን ሱስ በሌላው አያክሙ። ዶክተሩ ጠዋት ማስታገሻ፣ ማታ መጠጥ ይወስዱ ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ቀን ጫት ይቃማል፤ ማታ ምርቃናውን ለማውረድ በጨብሲ ይጠጣል፤ አንዳንዱም የእንቅልፍ ኪኒን ይጨምርበታል። አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት አንድ ላይ ሲወሰዱ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ጫት ሲተው የሚመጣው ድብርት፣ ድካምና ቅዠት በአብዛኛው በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ድብርቱ ከበረታ ግን ሐኪም ያማክሩ።

ሦስተኛ፣ ለሐኪምዎ እውነቱን ይንገሩ። ጨጓራ ብቻ ተብሎ የታከመ ጠጪ መድኃኒቱን ጨርሶ ተመልሶ ይመጣል። በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይልክዎታል። በአዲስ አበባም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

አራተኛ፣ ቤተሰብ ከሆኑ አንድ ጊዜ አገረሸ ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ዶክተሩ የመጨረሻውን ብርጭቆ ያስቀመጡት ካገረሸባቸው በኋላ ነው። ጌዴኦ ችግሩን በሶንጎ ተቀምጦ በመነጋገር የሚፈታ ሕዝብ ነው። ከመጠጥ የተላቀቁ ጎረቤት ካሉዎ፣ ቡና አፍልተው ከታማሚዎ ጋር ያገናኟቸው። ምክር አያስፈልጋቸውም፤ እንዴት እንደተላቀቁ ይንገሩት።